አንድ ተመልካች፣ ብዙ ተውኔት፦ ስለ አነስተኛ የማኅበረሰብ ቴአትር ቡድን የዓመት ዕቅድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



ዛሬ የምናገርበት ርእሰ ጉዳይ በትምህርት ክፍላችን የኮርሶች ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ አይገኝም። ተውኔት እንዴት እንደሚተነተን፣ ሚና እንዴት እንደሚደለደል፣ ልምምድ እንዴት እንደሚመራ፣ አልባሳትና መብራት እንዴት እንደሚነደፉ እናስተምራለን። ተማሪውም በመጨረሻው ዓመት አንድ ተውኔት አዘጋጅቶ ለመድረክ ያበቃና ይመረቃል። ከዚያ በኋላ በአንድ የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት ይመደባል፤ ወይም ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ቡድን ይመሠርታል። በዚያ የሚገጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ምን ልንሠራ ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ያስታጠቅነው መልስ የለም።

መልስ የሌለው ሰው ያየውን ይደግማል። አብዛኞቻችን ያየነው ደግሞ የአዲስ አበባን ታላላቅ ቤቶች ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን የ25 ዓመት የዘውድ በዓል ምክንያት አድርጎ በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ተውኔት የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኋላም ራስ ቴአትርና የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በጋራ ያቋቋሙት አንድ ልማድ አለ። ይኸውም አንድ ተውኔት የሳምንቱ አንድ ቀን ተሰጥቶት፣ ተመልካች እስካለው ድረስ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በዚያው ቀን መታየቱ ነው። እሑድ የእገሌ ተውኔት ነው፤ ረቡዕ የእገሊት። ሌላው ዓለም «የቴአትር ወቅት» የሚለው፣ ገና ከመጀመሪያው ተቆርጦ የሚታወጅ የዓመት መርሐ ግብር በእኛ ዘንድ ሥር አልሰደደም። ልማዱን አልነቅፍም። ሚሊዮኖች በሚኖሩባትና እንግዳ በየቀኑ በሚገባባት ከተማ አንድ ተውኔት በየሳምንቱ አዲስ ተመልካች ማግኘቱ አያስደንቅም። ቤቱ ደመወዝተኛ ተዋንያን፣ የራሱ አዳራሽና መጋዘን አለው።

ይህ ልማድ ወደ አንዲት አነስተኛ ከተማ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን በቁጥር እንመልከተው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል በምናብ የተወሰደ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ሊተካው ይችላል። 150 ወንበር ያለው የወጣት ማዕከል አዳራሽ አለ እንበል። በከተማዋ ከቤቱ ወጥቶ፣ ትኬት ቆርጦ ቴአትር ለማየት ፈቃደኛ የሆነ 600 ሰው ይኖራል እንበል። አዳራሹ ከሞላ ተውኔቱ በ4 እሑዶች አለቀ ማለት ነው። ሁልጊዜ አይሞላምና 6 ወይም 7 እሑድ እንስጠው። ቡድኑ ለዚህ ተውኔት 6 ወር ተለማምዷል፤ አልባሳት አሰፍቷል፤ ተበድሯል። በስምንተኛው እሑድ 20 ሰው ይመጣል፤ ግማሹ የተዋንያን ቤተሰብ ነው። በዚህ ጊዜ በቡድኑ ውስጥ የምትነገረውን ዓረፍተ ነገር ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ «የዚህ አገር ሕዝብ ቴአትር አይወድም»። ሕዝቡ ግን ቴአትሩን አይቷል። ሊያይ የሚችለው ሁሉ መጥቶ አይቶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የሚያየው አዲስ ነገር ያጣው እሱ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ትልቁ ቤት አንድ ተውኔት ይዞ ብዙ ተመልካች ይፈልጋል። ትንሹ ቡድን አንድ ተመልካች ይዞ ብዙ ተውኔት ሊያቀርብለት ይገባል። ሁለቱ በስም ቴአትር ቢሆኑም በአሠራር የተለያዩ ሙያዎች ናቸው ለማለት እደፍራለሁ። ለትንሹ ቡድን የዓመት ዕቅድ ማለት ያው አንዱ ሰው፣ የጫማ መደብሩ ባለቤት፣ የአንደኛ ደረጃዋ መምህርት፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ከላይ ካልናቸው 600 ሰዎች ግማሾቹ በዓመት 3 ጊዜ ቢመጡና የቀሩት አንድ ጊዜ ብቻ ቢመጡ የትኬቱ ቁጥር 1,200 ይሆናል። ያለ አንድ አዲስ ተመልካች ገቢው እጥፍ ሆነ። ከገንዘቡ በላይ የሚበልጠው ግን ሌላው ነው፤ ሦስት ጊዜ የመጣ ሰው አራተኛውን ይጠይቃል።

እንግዲህ በዓመት ሦስት ወይም አራት ሥራ ስንል ክብደታቸው እኩል የሆኑ አራት ተውኔቶች ማለታችን አይደለም። እንዲያ ያሰበ ቡድን እስከ ጥር አይደርስም። አንዱ ሥራ ከባድ፣ አንዱ መካከለኛ፣ የቀሩት ቀላል መሆን አለባቸው። ቀላል ስል ርካሽ ማለቴ አይደለም፤ ሁለት ወንበርና ሁለት ተዋንያን የሚበቁት የአንድ ገቢር ተውኔት፣ መነባንብ፣ የልጆች ተረት በጨዋታ መልክ፣ ወይም ጽሑፉን በእጅ ይዞ ለተመልካች ማንበብ ማለቴ ነው። ይህ የመጨረሻው በእኛ አገር ያለ አግባብ የተናቀ ነው። ጥሩ ድምፅ ያላቸው አምስት ሰዎች ተቀምጠው የሚያነቡት ጥሩ ተውኔት፣ በደንብ ካልተጠና ሙሉ ዝግጅት እጅግ ይሻላል።

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠሩ ልግባ፤ ዕቅዱ የሚሠራውም የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቡድኖች ዕቅዳቸውን የሚጀምሩት ከተውኔት ርእስ ነው። እኔ ተማሪዎቼን የምመክረው ከባሕረ ሐሳብ እንዲጀምሩ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ 12ቱን ወራትና ጳጉሜንን ጻፉ። ቀጥሎ ሰው ወደ አዳራሽ የማይመጣባቸውን ቀናት አጥቁሩ። የቀረው ነጭ ቦታ ነው ዓመታችሁ።

ክረምቱን አስቡ። የአብዛኞቹ አዳራሾቻችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ ያለውም ጥቂቱ ነው። ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲወርድ የተዋናይ ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክልል ከተማ የአንድን ወጣት ቡድን ታሪካዊ ተውኔት ለማየት ተጋብዤ ነበር። ልጆቹ ስምንት ወር ተለማምደዋል፤ ትወናቸው የሚያስደስት፣ ቋንቋቸውም የጠራ ነበር። ቀኑ የሰኔ እሑድ ነበርና የጀግናው የመጨረሻ ንግግር ላይ ሲደረስ ዝናቡ ጣለ። ጀግናው ንግግሩን ጮኸ፤ ዝናቡ በረታ፤ እሱም በረታ። በአዳራሹ ውስጥ የነበርነው አርባ የምንሆን ሰዎች ከንፈሩን እያየን ቃሉን ስንገምት ቆየን። በኋላ ለምን ሰኔን እንደመረጡ ስጠይቅ አዘጋጁ «አልመረጥነውም፤ የተዘጋጀነው ያን ጊዜ ነው» አለኝ። ይህን መልስ በየኮርሱ እጠቅሰዋለሁ። ቡድኑ በዚያ ዓመት ማብቂያ ተበተነ።

ክረምት ለማሳየት ባይመችም ለልምምድ ግን ወርቅ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው የተበተኑት ልጆችም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ የቡድኑ አባላት ቁጥር በሐምሌና በነሐሴ ያብጣል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የክረምቱን ብዛት አይቶ ለመጸው የታሰበውን ተውኔት ዋና ሚና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሰጠ አዘጋጅ፣ ምዝገባ ሲጀመር ዋና ተዋናዩን አውቶቡስ ተራ ይሸኛል። ስለዚህ ዋናዎቹ ሚናዎች በከተማዋ ከርመው ለሚሠሩት ይሰጡ፤ ለክረምት እንግዶች ደግሞ በእንቁጣጣሽ ሰሞን የሚቀርብ አጭር ሥራ ይታሰብላቸው። እነሱም አይከፉም፤ ቡድኑም አይጎዳም።

ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ የጠራበት፣ መንገዱ የደረቀበት፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ወደ ቦታው የተመለሰበት ጊዜ ነው። ቡና በሚለቀምባቸው አካባቢዎች በዚህ ወቅት ገንዘብ በሰው እጅ ይገባል። እህል አብቃይ በሆኑ ወረዳዎች ግን አጨዳና ውቂያ ስለሚሆን የገጠሩን ሰው መጠበቅ ከንቱ ነው፤ እነዚያ ቡድኖች የከተማውን ነዋሪ ይዘው ይጀምሩ። የዓመቱ የመጀመሪያ ሥራ እዚህ ይቀመጣል፤ ባይሆን አስቂኝ ቢሆን እወዳለሁ። ዓመቱን ሰውን በማስለቀስ የጀመረ ቡድን ሁለተኛውን ትኬት ለመሸጥ ይቸገራል።

ገና ለልጆች ይሁን። ልጅ ብቻውን አይመጣም፤ እናትና አባቱን፣ አንዳንዴም አያቱን ይዞ ይመጣል።

ጥር የሠርግ ወር ነው። ሰዉ ሠርግ ላይ መሆኑ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ አዳራሹም ሠርግ ላይ ነው። የወጣት ማዕከሉም ሆነ የቀበሌው አዳራሽ በጥር ቅዳሜና እሑድ ለሠርግ ሲከራይ ከቴአትር ቡድን የማይገኝ ገቢ ያገኛል፤ ኃላፊውን መውቀስ አይገባም። ጥርን ለቀቅ አድርጎ መተው፣ የሁለቱ መንፈቀ ዓመታት መካከል ዕረፍት ላይ የሚውሉትን ተማሪዎች ሰብስቦ ለየካቲት 23 የዓድዋ መታሰቢያ አጭር ንባብ ማሰናዳት ይበቃል። ይህንንም በአዳራሽ ሳይሆን በትምህርት ቤት ግቢ ቢያደርጉት ወጪ የለውም።

ቀጥሎ ዐቢይ ጾም ይገባል። 55 ቀናት ናቸው፤ በአንዳንድ ዓመት በየካቲት መጀመሪያ፣ በሌላው ዓመት ደግሞ በመጋቢት መጀመሪያ ይገባል። በብዙ ከተሞቻችን የጾሙን ወራት በጨዋታና በሳቅ ማሳለፍ አይወደድም፤ ይህን ስሜት ተጋፍቶ አስቂኝ ተውኔት የሚያቀርብ ቡድን ሁለት ነገር ያጣል፤ ተመልካቹንም የወላጆችን ፈቃድም። የጾሙ ወራት ግን ዋናውን ተውኔት ለማጥናት የተፈጠሩ ይመስላሉ። 8 ሳምንት ያህል ናቸው። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ቢለማመዱ 48 ሰዓት ይሆናል። የሚያረፍደውንና የሚቀረውን ቀንሰን 40 ሰዓት እንበል። 60 ገጽ ላለው ተውኔት ለእያንዳንዱ ገጽ 40 ደቂቃ ደረሰው ማለት ነው። ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሥራው ሊሠራ ይችላል፤ ቃለ ተውኔቱ ከጾሙ በፊት በየቤቱ የተጠና ከሆነ።

ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍ ዝቅ ሲል የዋናው ተውኔት ዕድሜ አብሮ ይለዋወጣል። በአንዱ ዓመት ከፋሲካ እስከ ዝናቡ 10 ሳምንት ይገኛል፤ በሌላው 5 ብቻ። ቡድኑ ያምናውን ዕቅድ ቀን ቀይሮ ሊገለብጠው የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይመለሳል፤ ቅዳሜና እሑድ አዳራሽ ይጠፋል። ይሁንና በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምምና ዓርብ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ማሳየትን ሞክሩት፤ ሥራ የዋለው ሰው ወደ ቤቱ ሳይገባ ይመጣል።

ሙስሊም ነዋሪዎች በሚበዙባቸው ከተሞች ደግሞ ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ እንደሚመጣ ልብ በሉ። በዚያ ወር የምሽት ትርኢት አይታሰብም። በአንዳንድ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ይገናኛሉ፤ ለዕቅድ አውጪ ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ሁሉም በአንድነት ይለማመዳል።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር «ይህ የአስተዳደር ሥራ እንጂ የጥበብ ሥራ አይደለም» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ስለ ካሚሪቱ የጻፈውን አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1977 በሊሙሩ አቅራቢያ በምትገኝ በዚያች መንደር ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ከሁለቱ ጸሐፊዎች፣ ከእሱና ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር፣ በጊኩዩ ቋንቋ የተጻፈ ተውኔት ራሳቸው በሠሩት ክፍት መድረክ ላይ አቀረቡ። ልምምዱ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሆነው የመንደሩን የሥራ ሂደትና የጠዋቱን የቤተ ክርስቲያን ጸሎት እንዳይነካ ታስቦ ነበር። ተውኔቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈቃዱ ተነጠቀ፤ ንጉጊም በዚያው ዓመት መጨረሻ ታሰረ። ስለ ካሚሪቱ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሣው እስሩ ነው፤ ተገቢም ነው። ለእኛ ሙያ ግን ከእስሩ ያላነሰ ትምህርት የሚሰጠው ያ የልምምድ ሰዓት ነው። ሕዝቡ ቴአትሩን «የእኛ» ያለው ቴአትሩ በሕዝቡ ሰዓት ስለ ገባ ጭምር ነው።

የተውኔቱ ምርጫ ከዚህ በኋላ ይመጣል። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን አለን የሚለው ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ 9 ወንዶችና 4 ሴቶች አሉ እንበል። ከአራቱ ሁለቱ ከ12 ሰዓት በኋላ ከቤት መውጣት አይፈቀድላቸውም። ይህ ቡድን ልምምዱን ምሽት ላይ አድርጎ ሦስት ብርቱ የሴት ሚና ያለበትን ተውኔት ቢመርጥ ሁለቱን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ማጣላቱ ነው። ልምምዱን ወደ ቅዳሜና እሑድ ቀን ማዛወር፣ ወይም ለወላጆች ሄዶ መናገር፣ ወይም ሌላ ተውኔት መምረጥ ይቻላል፤ ችግሩን ሳያዩ መጀመር ግን አይቻልም። ወጣቶቻችን ይሄዳሉ፤ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዷ በትዳር፣ ሌላዋ ወደ ዐረብ አገር። አንድ ማለዳ ዋናዋ ተዋናይት ቪዛዋ ደርሶ ልትሄድ ትችላለች፤ አዘጋጁም «እንኳን ደስ ያለሽ» ከማለት በቀር የሚለው የለውም። ለእያንዳንዱ ዋና ሚና ተተኪ ማለማመድ ለትልቁ ቤት ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል፤ ለትንሹ ቡድን ግን የህልውና ጉዳይ ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የብዙ ወጣት ቡድኖች የመጀመሪያ ምርጫ ለምን እንደሚከብዳቸው ይገባናል። ሁሉም በጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ» ወይም «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» መጀመር ይሻል። ፍላጎቱን አከብራለሁ፤ ቋንቋው ያሰክራል። ነገር ግን የጸጋዬን ቃል ለመሸከም የሚያስፈልገው ትንፋሽ በአንድ ወቅት አይገነባም፤ የዘመኑ አልባሳትና የሰው ብዛትም ኪስ ያራቁታል። የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ግን ብዙ ሰውና ብዙ የጦር ልብስ የማይሹ፣ ሳቃቸው ከሰው ጠባይ የሚወጣ፣ የጋብቻ ነገር በሚያነጋግርበት ከተማ ሁሉ ዛሬም የሚያከራክሩ ሥራዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ዓመት የእኔ ምርጫ ከእነዚህ አንዱ ነው። ጸጋዬ በሦስተኛው ዓመት ይምጣ።

ተውኔቱ የሰው ንብረት መሆኑንም አትርሱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ በሕዝብ ፊት ማቅረብም ከዚሁ መብት ውስጥ ነው። መንግሥቱ ለማ በ1980፣ ጸጋዬ በ1998 ዓ.ም. ስላረፉ የሁለቱም ሥራዎች ዛሬ በጥበቃ ሥር ናቸው። «ሼክስፒር ነጻ ነው» የሚሉም አሉ፤ እንግሊዝኛው ነጻ ነው፣ የጸጋዬ «ሐምሌት» ግን የተርጓሚው ነው። ወራሾችን አፈላልጎ ፈቃድ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳልና ለግንቦት የታሰበ ተውኔት ፈቃዱ በጥቅምት ይጠየቅ። ከተማዋ የራሷ ጸሐፊ ካላት ደግሞ ከአራቱ ሥራዎች አንዱ የእሱ ወይም የእሷ ይሁን፤ ለተመልካቹም የራሱን ሰፈር በመድረክ ላይ ማየት ደስታ ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልናገርም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ወንበርና ድንኳን ከእድር መከራየት፣ ሞንታርቦ ጭኖ ከተማውን መዞር፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ፣ ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ «በቅርብ ቀን» የሚል ፖስተር አትለጥፉ። ቀን የሌለው ማስታወቂያ ዕቅድ የሌለው ቡድን ማስታወቂያ ነው፤ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ግድግዳው ላይ ሆኖ ይመሰክርባችኋል። በመስከረም የአራቱንም ሥራ ስምና ወር በአንድ ወረቀት አትሙና በየመደብሩ ስጡ። ሰው የሚመለሰው የሚመለስበትን ቀን ሲያውቅ ነው።

ስለ ስፖንሰር ግን ዝም ማለት አልችልም። በ1990ዎቹ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው የፀረ ኤድስ ክበባት ሲስፋፉ ድራማ አንዱ መሣሪያቸው ነበር። ከእነዚያ ክበባት ጥሩ ተዋንያንና ጸሐፍት ወጥተዋል፤ ሕይወት ያተረፈ መልእክትም ተላልፏል። በጎኑ ግን አንድ ልማድ ጥሎ አለፈ፤ ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ከውጭ የተሰጠውን ርእስ ሆነ። ርእሱ ሲለወጥ ተውኔቱ ይለወጣል፤ ገንዘቡ ሲቆም ቡድኑ ይቆማል። ተመልካቹም መጨረሻውን ከመጀመሪያው ትዕይንት ያውቀዋል፤ የማይጠነቀቀው ይቀጣል፣ የሚሰማው ይድናል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ከዓመቱ አራት ሥራዎች አንዱ፣ ከመካከለኛ የማይበልጠው፣ ለስፖንሰር ሊሰጥ ይችላል። የዓመቱ ዋና ተውኔት ግን አይሰጥም። ከፋሲካ በኋላ ያሉት እነዚያ ጥቂት ሳምንታት ቡድኑ ለከተማው በራሱ አፍ የሚናገርባቸው ብቸኛ ሳምንታት ናቸው፤ የሚሸጡበት ዋጋ አላውቅም።

አንድ የማከብራቸው ባልደረባዬ ይህን ንግግር በረቂቁ አንብበው «በዓመት አራት ሥራ ጥራትን ይገድላል» ብለውኛል። ስጋታቸው እውነት አለው። አማተር ቡድን በየሦስት ወሩ ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ ሁሉም ነገር ጥሬ ሆኖ ይቀርባል። መልሴ ከአራቱ አንዱ አዲስ መሆን የለበትም የሚል ነው። ያምና አስቂኝ ተውኔት ዘንድሮ ይመለስ። አልባሳቱ ተሠርቷል፤ ቃሉ በተዋንያኑ አፍ ውስጥ አለ፤ ሦስት ሳምንት ልምምድ ይበቃዋል። በሁለተኛው ዓመት ተዋናይ በአንደኛው ዓመት ያላየውን ያያል፤ የሚያስቀው ቦታ የት እንደሆነ ተመልካቹ አስተምሮታልና። ተመልካቹም ያወቀውን ነገር ደግሞ ማየት አይጠላም፤ ወንድሙን ይዞ ይመጣል፣ ከመድረኩ በፊት እሱ ይናገርለታል። እኚሁ ባልደረባዬ ግን በዚህም አልረኩም። ሁለት ሥራ በደንብ ቢሠራ ይሻላል ይላሉ። በዝግጅቱ ብቻ ከተመዘነ ልክ ናቸው። በሁለት ሥራ መካከል ስድስት ወር ባዶ ሲቀር ግን መጀመሪያ የሚጠፋው ተመልካቹ አይደለም፤ አባላቱ ናቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚገናኝበት ምክንያት ያጣ ወጣት በሦስተኛው ማክሰኞ ሌላ ቦታ ይገኛል። ክርክሩን ከእሳቸው ጋር ገና አልጨረስነውም፤ ዛሬ በአዳራሹ አሉና በጥያቄ ጊዜ ሊቀጥሉበት ይችላሉ።

ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ሥራ ልስጥ። እያንዳንዳችሁ የመጣችሁበትን ከተማ ውሰዱ። የገበያ ቀኗን፣ የአዳራሿን ወንበር ብዛትና የጣሪያዋን ዓይነት፣ የታቦቷን ንግሥ፣ የመስጊዷን በዓል፣ አጨዳዋን፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚቃረብበትን ሰሞን፣ ሠርግ የሚበዛበትን ሳምንት ጻፉ። ከዚያ የመጪውን ዓመት ፋሲካ ቀን አስሉ፤ ባሕረ ሐሳብ የማይችል ከአያቱ ወይም ከደብሩ መርጌታ ይጠይቅ። በቀረው ነጭ ቦታ ላይ አራት ሥራ አስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ልምምዱ የሚጀመርበትን ሳምንትና ዋናው ተዋናይ ቢሄድ ማን እንደሚተካው ጻፉ። የተውኔቱን ርእስ በመጨረሻ ሙሉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ታስረክቡኛላችሁ። ከክበባት የመጣችሁ እንግዶቻችንም ብትሳተፉ ወረቀታችሁን ከተማሪዎቹ ጋር አብረን እናየዋለን፤ የእናንተ ከተሞች ከእኛ ምሳሌዎች ይልቅ እውነተኛ ናቸውና።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።